ባለ አንድ ክንዱ ወንበር

ቢሆንስ የምትባለው ሞካሪ ድረ ገጽ መሞከር ስትጀምር፣ ምናለበት የሚባለው ሠሪ እስክሪብቶ ይነክሳል። የቢሮው ሕግ ነው። ድረ ገጹን የሠራው ሰው ከኋላዋ መቆም ይችላል፣ መተንፈስም ይፈቀድለታል፤ መናገር ግን በፍጹም። «እሱን አይደለም፣ ከሥር ያለውን ንኪ» ካለ አለቀለት። ደንበኛው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲገዛ ሠሪው ከትከሻው ኋላ ቆሞ አያንሾካሹክለትማ! ምናለበት ደግሞ አፉ አያርፍም፤ ስለዚህ እስክሪብቶ ገባበት። በዚያ ቢሮ ጫፉ ያልታኘከ እስክሪብቶ ካገኛችሁ የእሱ አይደለም።

ቢሮው ከጎማ ጠጋኝ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ባለቤቷ የምናለበት ታላቅ እህት ናት። ለትናንሽ ሱቆችና ለእጅ ሙያተኞች ድረ ገጽ ታሠራለች፤ ሰኞ ሰኞ ደግሞ የቴክኖሎጂ ወሬ እየጻፈች ትልክላቸዋለች፤ ምን አዲስ የክፍያ መንገድ መጣ፣ ምን አዲስ ማጭበርበር ተፈጠረ፣ የትኛው ነገር ጩኸት ብቻ ነው። ወንድሟ ይሠራል፣ ቢሆንስ ትሰብራለች። ቅጽል ስማቸውን ያወጣላቸው የገዛ አፋቸው ነው። እሱ የሠራው ነገር ሲንገዳገድ እያየ «ምናለበት!» ይላል። እሷ ደህና የቆመውን ሁሉ እያየች «እንዲህ ቢሆንስ?» ትላለች።

እንዲህ ያለች ሰባሪ ደግሞ የትም አትገኝም። ሌላው ሞካሪ ቁልፉን ነካ ነካ አድርጎ ሠራ፣ አልሠራም ብሎ ያልፋል። እሷ ሌላ ሰው ሆና ነው የምትመጣው። በጭንቅላቷ ያኖረቻቸው ደንበኞች አሏት። ችኩሌ አለ፤ ገጹ ትንሽ ከዘገየበት አንዱን ቁልፍ እስኪታክተው የሚጠቀጥቅ። ጋሽ ጥርጥሬ አሉ፤ ሊከፍሉ ሲሉ ሐሳባቸውን ቀይረው ወደ ኋላ የሚመለሱ። ዓይናቸው ለደከመው ለእማማ ጭጋግ መነጽሯን ቫዝሊን ትቀባለች። ለባለ ሕፃኗ የሶፋውን ትራስ በግራ ክንዷ ታቅፋ «እሽሩሩ» እያለች በቀኝ አውራ ጣቷ ብቻ ትጽፋለች። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ በዚህ መሃል ገብቶ፣ ልጅቷ ጤነኛ መሆኗን በጆሮ ጠይቆ ነው የወጣው። ምናለበት እነዚህን ሰዎች ይፈራቸዋል። ይወዳቸዋልም፤ ሥራውን ሥራ ያደረጉለት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ሐሙስ ጠዋት የአናጢው ድረ ገጽ ተከፈተ። አናጢው ወንበር በልክ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ደንበኛው ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ መደገፊያውንና የክንድ ማሳረፊያውን ገጹ ላይ ሞልቶ ያዛል፤ ከሥር «ሌላ የሚሉን ካለ» የምትል ባዶ ሳጥን አለች። ትዕዛዙ ሲላክ «ክቡር ደንበኛችን፣ ትዕዛዝዎን ተቀብለናል። እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ምናለበት የጻፋት እያዛጋ ነበር።

ቢሆንስ ገጹ ከተከፈተ በኋላም አንዴ ሰዎቿን ካላስገባች አታምንም። ስለዚህ ያን ዕለት ጠዋት ለአናጢው ስልክ የሚላከው መልእክት እንደተዘጋ ቆየ፤ ለጋሽ ጥርጥሬ ብለው ደህናውን እንጨት እንዳይቆርጡት ነው። እሷም ሰዎቿን እያስገባች ሰበረች፣ ሰባበረች፣ በመጨረሻ ቦርሳዋን አነሳች።

«የኔዎቹ ከስማቸው መጨረሻ ነጥብ አለ» አለችው። «ነጥብ ያለባቸውን ብቻ አጥፋ። አንድ በአንድ እያየህ።»

«እሺ አልኩ እኮ!»

ትዕዛዞቹን ከፍቶ ሲያይ ሺህ ወንበር በአንድ ጊዜ ያዘዘ አለ። ከዜሮ በታች አንድ ወንበር የፈለገ አለ። ቁመቱ ሰማይ የሚነካ ወንበርም አለ። ከመሃላቸው ግን አንዷ ትበልጣለች፤ ቁመቱ ሰባ አምስት ሳንቲሜትር፣ መቀመጫው እንደ ብስክሌት ኮርቻ የጠበበ፣ መደገፊያ የሌለው፣ ባለ ጎማ፣ ክንድ ደግሞ በግራ በኩል ብቻ! አድራሻው ቦታ ላይ የተጻፈው አድራሻ ሳይሆን ወሬ ነው። ምናለበት እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ቢሆንስ ዛሬ ራሷን በልጣለች ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከስሙ መጨረሻ ነጥብ መኖሩን ግን አላየም። በመጀመሪያው ጠዋት ማን ይመጣል? «ምናለበት!» ብሎ ሁሉንም በአንድ ምት ጠራረገና ለአናጢው ስልክ የሚላከውን መልእክት ከፈተ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ይሄኛው ማፍሰሱንም አላወቀ።

ሰኞ አናጢው ደወሉ። ሰውዬው ትሑት ስለሆኑ «ወፍም አላረፈበት፤ ምናልባት እኔ ነኝ ስልኬን ያላወቅኩበት» አሉ። ታላቅ እህቱ አጽናንታቸው ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ጠቆረ። ምናለበት እሷን ለማሳቅ ብሎ ወደ ቢሆንስ ዞረ።

«ይልቅ ያቺን ባለ አንድ ክንድ ወንበርሽን ንገሪያት! ከየት አመጣሻት ግን?»

ቢሆንስ የያዘችውን ዳቦ ወረቀቱ ላይ መለሰች። «የቱን ወንበር?»

«ባለ ጎማውን! 'እባካችሁ ቀይ እንዳይሆን፣ እሱ ቀይ አይወድም' ያልሽውን!»

ቀና ብላ አየችው። ምናለበት ዓይነ ውሃዋን አልወደደውም።

«የኔ አይደለችም» አለች። «የኔ ሰዎች ይቸኩላሉ፣ ይጠራጠራሉ፣ ይሳደባሉ። ሁሉም የሚያዙት ለራሳቸው ነው። 'እሱ አይወድም' ብሎ የሚጽፍ ሰው እኔ ጋ የለም። ለሌላ ሰው ብሎ የሚመጣ... አንድም ሰው አልፈጠርኩም።»

ምናለበት ክው አለ። ሮጦ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋ። ቅጂ የሚቀመጠው ሌሊት ሌሊት ነው፤ ትዕዛዙ ግን ጠዋት መጥቶ ጠዋት የጠፋ ነው። ስልክ ቁጥሩን አያስታውስም፤ መጨረሻው ዜሮ በዜሮ ስለነበር የውሸት መስሎት ነው ይበልጥ የሳቀው። ስሙን አላነበበውም። የቀረው በጭንቅላቱ ያለው ብቻ ነው፣ እሱም የቀረው ስለሳቀበት ነው። እህቱ «በል ያለውን ሁሉ አውጣ» አለችው። ዓይኑን ጨፍኖ አወጣው።

«እባካችሁ ቀይ እንዳይሆን፤ እሱ ቀይ አይወድም። ሱቁ ከታች፣ ቤታችን ከላይ ነው። በጓሮ ደረጃ አምጡልኝ፣ እሱ እንዳይሰማ። ከቅዳሜ በፊት ይድረስልኝ፤ ከዚያ በኋላ አያስፈልገውም።»

«አያስፈልገውም ማለት ምን ማለት ነው?» አለች እህቱ። ሦስቱም ያሰቡት ሞት ነው። ገጹ ላይ «ሐሙስ ያዘዛችሁ ደውሉልን» የሚል ማስታወቂያ ወዲያው ለጠፉ፤ ግን ትዕዛዝዎን ተቀብለናል የተባለ ሰው ምን ብሎ ተመልሶ ያያል? አናጢው ልኩን እስከ ረቡዕ ካገኘሁ ለዓርብ እጨርሳለሁ አሉ። ወንበር የሚያደርሱት በራሳቸው ጋሪ ስለሆነ ገጹ ከሰፈራቸው ውጭ ትዕዛዝ አይቀበልም። 'ቤታችን' ብላ የጻፈችው ሚስቱ መሆን አለባት፤ የምትኖረውም እዚያው ሰፈር ነው ማለት ነው። ሰፈሩ ግን ሱቅ በሱቅ ነው፤ ከላዩ ቤት የሌለው ሱቅም ጥቂት ነው።

ቢሆንስ ብድግ አለች። «እስክሪብቶህን ንከስና እዚህ ተቀመጥ።»

የቢሮውን ባለ ጎማ ወንበር መደገፊያውን ነቀለች። ካርቶንና ትራስ እየደራረበች ቁመቱን ሰባ አምስት አደረሰችው፣ በግራ በኩል የመጥረጊያ እጀታ አስራ ክንድ አወጣችለት፣ ከዚያ ወጣችበት። እህቲቱ እንዳትወድቅ ልትይዛት ተጠጋች።

«ተዪኝ፣ ተዪኝ። አሁን እኔ እኔ አይደለሁም።» ቢሆንስ ዓይኗን ጨፈነች። «አልተቀመጥኩም፤ አልቆምኩምም። ግማሽ ነኝ። ሥራዬ ቆሞ የሚሠራ ነው፤ እግሬ ግን እምቢ ብሎኛል።» በግራ እጇ መጥረጊያውን ገፋ አድርጋ ተነሳችና ተመለሰች። «ይሄ መነሻዬ ነው። በቀኝ ለምን የለም? ክርኔን ይመታብኛላ! ቀኝ እጄ ሥራ ላይ ነው። መደገፊያ የለኝም፣ እዞራለሁ። ጎማም ያለኝ ለዚያ ነው። ጠባብ የሆንኩት ጥግ ጥጉን ስለምሄድ ነው። ግን ምንድን ነው የምዞረው?»

በእግሯ ገፋ ገፋ እያለች ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ምናለበትን መዞር ጀመረች። በጆሮው በኩል አለፈች፣ ከኋላው ደረሰች፣ ቀኝ እጇ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ምናለበት የሚሳሳለት፣ የሰው እጅ የማያስነካው አፍሮው ነበር።

እስክሪብቶው ከአፉ ወደቀ። «ጸጉር ቤት!»

«ዝም በል አልኩህ!» አለች ቢሆንስ፤ ሳቋ ግን ቀድሟት ወጥቶ ነበር። ምናለበት እስከ ዛሬ ይህን ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። እሱ የሳቀባቸውን ልኮች እሷ በካርቶንና በመጥረጊያ ሰው አድርጋ አቆመቻቸው።

አሁን ችግሩ ሌላ ሆነ። «እሱ እንዳይሰማ» ተብሏል። ጸጉር ቤት ገብቶ «ሚስትዎ ወንበር አዘዋል ወይ?» ማለት አይቻልም። ሰው ጸጉር ቤት የሚገባበት ምክንያት ደግሞ አንድ ነው።

«አይሆንም» አለ ምናለበት አፍሮውን በሁለት እጁ ይዞ።

«የጠፋው በማን ጣት ነው?» አለች እህቱ።

ማግስቱን ቢሆንስ እህቱ መስላ ይዛው ወጣች። የመጀመሪያው ቤት አስተካካይ ጎረምሳ ነው፤ ሙዚቃ ከፍቶ እየጨፈረ ዙሪያውን ከርከም ከርከም አደረገው። እንኳን ወንበር ወለልም የሚያስፈልገው አይመስልም። ሁለተኛው ወገቡን የሚያመው ሰውዬ ስለነበር ምናለበት አገኘነው ብሎ ተስፋ አደረገ፤ ሰውዬው ግን ሁለት አዳዲስ ቀይ ወንበሮቹን እየደባበሰ «የደም ቀይ! እንደዚህ ያለ ቀለም አለ?» አለ። ያም አፍሮው ላይ የበኩሉን ወስዶ አሰናበታቸው። ሦስተኛው በር ላይ ሲደርሱ ምናለበት የቀረው ጸጉር ለአንድ ቤት ብቻ የሚበቃ ነበር።

በሩ ላይ «ቅዳሜ የመጨረሻ ቀናችን ነው። ለዘመናት ስላመናችሁን እናመሰግናለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ቢሆንስ አንብባ በረጅሙ ተነፈሰች። የሚዘጋው ሱቁ እንጂ ሰውዬው አልነበረም። ግን ገብተው ሽማግሌውን አስተካካይ ሲያዩአቸው፣ ሱቁና ሰውዬው ያን ያህል የተለያዩ ነገሮች አልመሰሉም።

«ይሄን ጸጉር ማነው እንዲህ የተጫወተበት?» አሉ ምናለበትን አስቀምጠው። «አንዱ ጀምሮት ሌላው የሸሸው ነው የሚመስለው። ግድ የለም ልጄ፣ ይስተካከላል።»

የተቀመጠበት ወንበር በሰማያዊ ጨርቅ ተሸፍኗል። ጥጉ ላይ ጨርቁ ገለጥ ብሎ ቀይ ቆዳ ይታያል። ምናለበት በጣቱ ነካ አደረገው።

«ቀይ አይወዱም እንዴ አባባ?»

«ቀይ ላይ ደም አይታይማ!» አሉ ማበጠሪያቸውን እያራገፉ። «እጄ ስቶ ሰው ከነካሁ ማየት አለብኝ። ያላየሁትን ጥፋቴን በምን አርመዋለሁ?»

በመስተዋቱ ውስጥ የቢሆንስ ዓይንና የምናለበት ዓይን ተገናኙ። ሥራዋን ዕድሜ ልኳን ስታስረዳ እንዲህ አሳጥራ ብላው አታውቅም። ውኃ ልጠጣ ብላ ቀስ ብላ በጓሮው በር ወጣች።

ሽማግሌው እንዴት ያለ እጅ ነበራቸው! ቶንዶዙ ራስ ላይ መሄዱ አይታወቅም። ሲዞሩ ግን ግራ እግራቸው ይጎተታል፤ ቀኝ ጎኑን አዳርሰው ወደ ግራ ሲሻገሩ የመደርደሪያውን ጠርዝ ያዙ። ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ። ምናለበት ተነስቶ ሊይዛቸው ሲል በእጃቸው መለሱት።

«ይቅርታ ልጄ። እጄ ደህና ነው፤ እግሬ ነው ያዋረደኝ። ግማሹን ሌላ ቀን ና፣ እኔ ልጨርስልህ። ለሌላ እንዳትሰጠው ብቻ። ያልጨረስኩት ራስ ከተማ ውስጥ ሲዞር ከማይ...» አልጨረሱትም። መደርደሪያውን እንደያዙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ምናለበትም ያን ጊዜ ያለ እስክሪብቶ ዝም አለ።

ግማሽ ራሱን ይዞ በጓሮ ሲወጣ ቢሆንስ ደረጃው ላይ ከሽማግሌው ባለቤት ጋር ቆማለች። ሴትዮዋ መጥረጊያ ይዘዋል፣ ፊታቸው ፈክቷል።

«የወንበሩ ልጆች እናንተ ናችሁ? ዘገየ ብዬ አልተጨነቅኩም እኮ!» ስልካቸውን አውጥተው ስክሪን ላይ የወጣውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው ያስቀመጡትን አሳዩት። «ይኸው፣ 'ክቡር ደንበኛችን፣ ትዕዛዝዎን ተቀብለናል' ብሎኛል። ክቡር ተብዬ አላውቅም። ማታ ማታ ልቤ ሲፈራ አነበዋለሁ።»

ሴትዮዋ አንጀቱን በሉት። እያዛጋ የጻፋት ዓረፍተ ነገር ናት። ምናምን ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ቢሆንስም አታጋልጠውም ነበር።

«እማማ፣ አልተቀበልንም» አለ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የቀልድ መስሎኝ ስቄ አጠፋሁት። እርስዎን ስንፈልግ ነው የዋልነው።»

ሴትዮዋ ፊታቸው ደነገጠ። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ራሱ ወጣ፤ በአንድ በኩል የተላጨ፣ በሌላው የተንጨፈረረ። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ፣ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ቅጣትህን ተሸክመህ ነው የመጣኸው» አሉ። «በል ጻፍ።»

ልኩን እንደገና ሰጡት፤ ቢሆንስ እንዴት እንደለኩ ጠየቀቻቸው። አልለካሁም አሉ። ሁልጊዜ ማታ ሲጠርጉ፣ ወለሉ ላይ በረገፈው ጸጉር መካከል ባለቤታቸው የዞሩበት መንገድ ቀለበት ሆኖ ጠርቶ ይታያል። መቀመጫው ምን ያህል ይጥበብ፣ ጎማው የት ይርገጥ፣ ያወቁት ያን ቀለበት አይተው ነው። ቁመቱን ደግሞ ባለቤታቸው ደክሟቸው ከመደርደሪያው ሲደገፉ ዳሌያቸው የሚደርስበትን በመጥረጊያው እንጨት ላይ ምልክት አድርገው ነው። ቢሆንስ መጥረጊያውን ተቀብላ፣ ምልክቱን በጣቷ ዳሰሰችና መለሰችላቸው። 

አናጢው ልኩን ሲያዩ «ይህችን ሴት የእንጨት ሥራ ማን አስተማራት?» ብለው ሌላ ምንም አልጠየቁም፤ መጋዛቸውን አነሱ። ምናለበት በቀሩት ቀናት ኮፍያ አድርጎ ሠራ። እህቱ ለደንበኛ ስታስተዋውቀው ሆን ብላ «ኮፍያህን አውልቅ እንጂ!» ትለው ነበር። ዓርብ ወንበሩ በጓሮ ደረጃ ወጣ፤ ጥቁር ቡኒ፣ ባለ አንድ ክንድ።

ቅዳሜ ጸጉር ቤቱ ጢም ብሏል። ሰው ሊሰናበት ነው የመጣው፤ የሚሰናበት ሰው ደግሞ ወሬው አይጥምም፣ ሁሉም ወለል ወለሉን ያያል። ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ግማሽ ቁጭ፣ ግማሽ ቆመው ነበር። ጠዋት ሲያገኙት ምን እንዳሉ ባለቤታቸው አልተናገሩም፤ ዓይናቸው ግን ቀልቷል። ሽማግሌውም ደጋግመው «ለመጨረሻ ቀኔ ጥሩ ዕረፍት ሰጣችሁኝ» ይላሉ። ምናለበት ይህን ሲሰማ ቅር አለው። ቢሆንስ በር አጠገብ ቆማ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችበት። ሕጉ ነው።

ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌው በግራ እጃቸው ገፋ አድርገው ተጠጉ፣ ቶንዶዙን አስነሱ፣ በጆሮው በኩል ዞሩ። ጎማው አልጮኸም። ከኋላ ደረሱ፣ ወደ ግራ ተሻገሩ፣ መደርደሪያውን አልያዙም። ከመደርደሪያው ጋ ሲደርሱ እጃቸው በልማድ ወጣ፣ መያዝ እንደማያስፈልገው አስታወሰና ወደ ማበጠሪያው ተመለሰ። አንድ ሙሉ ዙር ዞሩ። ሁለተኛውን ጀመሩ። ባለቤታቸው እየጠረጉ ከወለሉ ቀና አላሉም።

ሲጨርሱ የአንገቱን ጸጉር በብሩሽ አራገፉለት፣ መስተዋቱን ከኋላ ያዙለት፣ ራሱን ግራና ቀኝ አዘንብለው አዩት። ከዚያም ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ሁሉ ሲሉት የኖሩትን፣ ሳያስቡት፣ አሉት።

«ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቅ በል። የአንገትህ ጸጉር ቶሎ ይበቅላል።»

መጥረጊያው ቆመ። ቤቱ ሁሉ ከወለሉ ቀና አለ። ሽማግሌው የተናገሩትን ከሰው ሁሉ በኋላ ነው የሰሙት፤ በር ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት አዩ፣ ወደ ባለቤታቸው አዩ፣ የወንበሩን ክንድ ጨበጥ አደረጉ። ማንም ምንም አላለም፤ ምናለበትም አላለም።

«ቀጣይ» አሉ ሽማግሌው፣ ወንበሩንም ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት።